ቁጥሩ ያልጠፋው ወንጌል

ከታኮማ ፓርክ ዳርቻ ወደ ዋሽንግተን መሐል የሚወርደው ቀዩ የባቡር መስመር ለአብዛኞቻችን የእንጀራ መንገድ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወደ ሆቴሉ፣ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚሄደው ወገን በዚህ ባቡር ይሳፈራል፤ ማታም እንቅልፍ እየጣለው በዚሁ ይመለሳል። እኔም በዚህ መስመር ለብዙ ዓመታት ስመላለስ ከተማዋን የማውቃት በጣቢያዎቿ ስም ብቻ ነበር። ዋሽንግተን የጥንታውያን መጻሕፍትም ከተማ መሆኗን፣ ከእነዚያም መጻሕፍት መካከል ከገዳማቸው ተለይተው የተሰደዱ እንዳሉባት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከአንድ የግሪክ ወንጌል ነው፤ የሚያርፈው ግን በእኛው ደጃፍ ነው። አንባቢ «የግሪክ ወንጌል ለእኛ ምናችን ነው?» ቢል አልፈርድበትም። ጥቂት ከታገሠኝ ግን ዝምድናውን ለማሳየት እሞክራለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በሰሜን ግሪክ፣ በድራማ ከተማ አቅራቢያ፣ በፓንጋዮን ተራራ ላይ አንድ ጥንታዊ የእመቤታችን ገዳም አለ። ግሪኮች ኢኮሲፊኒሳ፣ ወይም ኮሲኒትሳ ይሉታል። ለብዙ መቶ ዓመታት መጻሕፍት ሲሰበሰቡበትና ሲጠበቁበት የኖረ ቦታ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ ያ አገር በቡልጋሪያ ጦር እጅ ወድቆ ነበር። በመጋቢት ወር 1917 የታጠቁ የቡልጋሪያ ሰዎች ወደ ገዳሙ ገብተው ከ400 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍትን ከብዙ ንዋየ ቅድሳት ጋር ዘርፈው ሄዱ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከፊሉ ወደ ግሪክ ተመለሰ፤ ከፊሉ ሶፊያ ቀረ፤ የተረፈውም በመጽሐፍ ነጋዴዎች እጅ ከአገር አገር እየተሸጠ፣ ባሕርም እየተሻገረ ተበተነ።

ከተበተኑት አንዱ በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም በ11ኛው መጀመሪያ ገደማ የተጻፈ የወንጌል መጽሐፍ ነበር። በእኛ ታሪክ ቢለካ ከቅዱስ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። የተጻፈው በዘመኑ የቢዛንታይን ጸሐፍት በሚጠቀሙበት ትንንሽና የተያያዘ ፊደል ነው። ግሪኮች ቅዱሳት መጻሕፍትን በትልልቅና በተነጣጠለ ፊደል መጻፍ ትተው ወደዚህ የዞሩት ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነው፤ ምክንያቱም ለእጅ ይፈጥናል፣ ብራናም ይቆጥባል። ይህ ወንጌል በ2011 ክሪስቲስ በተባለው የጨረታ ቤት ተሸጠ። ገዢዎቹ በአሜሪካ በሱቆቻቸው የታወቁት የሆቢ ሎቢ ባለቤቶች ነበሩ፤ በ2014ም ሊመሠርቱት ላሰቡት የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም ሰጡት። ሙዚየሙ በኅዳር 2017 በዋሽንግተን መሐል ተከፈተ።

ሙዚየሙ ገና ከመከፈቱ ጀምሮ ስሙ በአሳሳቢ ወሬ ይነሣ ነበር። በዚያው በ2017 ሆቢ ሎቢ ከኢራቅ በሕገ ወጥ መንገድ በወጡ ቅርሶች ምክንያት 3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና በሺህ የሚቆጠሩ ዕቃዎችን ለማስረከብ ተስማማ። በ2020 ደግሞ ከሙት ባሕር ዋሻዎች የተገኙ ናቸው ተብለው የተገዙት 16ቱ ቁርጥራጮች ሁሉ የሐሰት ሥራ መሆናቸው በምርመራ ተረጋገጠ። ስለዚህ ሙዚየሙ በእጁ ያለውን ሁሉ «ከማን ተገኘ? ማንስ ለማን ሸጠው?» እያለ እንደገና መመርመር ግድ ሆነበት። ምርመራው ወደ ግሪኩ ወንጌል በደረሰ ጊዜ እውነቱ ወጣ። መጽሐፉ ከኮሲኒትሳ ገዳም የተዘረፈ፣ በገዳሙ መዝገብ ቁጥር 220 ተብሎ የተመዘገበው ወንጌል ነበር። ሙዚየሙ ለቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ አስታወቀ፤ በ2022ም መጽሐፉ ከተዘረፈ ከ105 ዓመት በኋላ ወደ ገዳሙ ተመለሰ። ፓትርያርኩ በበኩላቸው ለምስጋና ሦስት ሌሎች የብራና መጻሕፍትን ለሙዚየሙ በውሰት ለመስጠት ፈቀዱ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤን የነካው የቁጥሩ ነገር ነው። ዘራፊው መጽሐፉን ወሰደ፤ ነጋዴው ሸጠው፤ የጨረታው ቤት አስዋበው፤ ቁጥሩን ግን ማንም ሊያጠፋው አልቻለም። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር ብቻ ሳይሆን መጽሐፉ ሲሰረቅ አብሮት ባልተሰረቀ ሌላ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበርና። ከዚሁ ገዳም የተዘረፈ ሌላ መጽሐፍም፣ ሐዲስ ኪዳንን ሙሉውን የያዘ የ9ኛው ወይም የ10ኛው መቶ ዓመት ብራና፣ በቺካጎ የሉተራን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ይገኝ ነበር። በሊቃውንት ዘንድ ቁጥር 1424 በመባል ይታወቃል። ትምህርት ቤቱ እውነቱን በተረዳ ጊዜ በ2016 ለግሪክ ቤተ ክርስቲያን አስረከበው።

ይህን ለየብራናው ቁጥር የመስጠት ሥራ በስፋት ያካሄደው ፊላዴልፊያ ተወልዶ በጀርመን አገር የኖረው ካስፓር ሬኔ ግሪጎሪ ነው። ግሪጎሪ በእግሩና በባቡር ከገዳም ወደ ገዳም እየዞረ የግሪክ ሐዲስ ኪዳን ብራናዎችን ሲመዘግብ ኖረ። በእርጅናው ዘመን ለጀርመን ጦር ዘምቶ በሚያዝያ 1917 በፈረንሳይ ግንባር ሞተ፤ ኮሲኒትሳ በተዘረፈ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሆኑ ነው። ሰውዬው ሄደ፤ ዝርዝሩ ግን ቀጠለ። ዛሬ ከ5,000 በላይ የሆኑት የግሪክ ሐዲስ ኪዳን ብራናዎች እያንዳንዳቸው የሚጠሩበት ቁጥር አላቸው።

እንግዲህ ዝምድናውን ላሳይ። ወንጌል የሚለው ቃላችን ራሱ ግሪክኛ ነው። ጳጳስ፣ ዲያቆን፣ ሲኖዶስ፣ ቀኖና፣ ጰራቅሊጦስ የምንላቸውም እንዲሁ ናቸው። «ጰ» እና «ፐ» የተባሉት ፊደላት ከቀድሞው የግእዝ ፊደል ላይ የተጨመሩት በተለይ እንዲህ ያሉትን የባዕድ ቃላት ለመጻፍ ነው። ካህናቱ ምዕራፍ የሚቆጥሩባቸው የግእዝ ቁጥሮች፣ ፩፣ ፪፣ ፫ የምንላቸው፣ ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ናቸው፤ ከላይና ከታች መስመር ስለምናሰምርባቸው ብቻ ዘመዶቻቸውን አናስተውልም። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ድሎቹን በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ቋንቋ በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። ክርስትናን መቀበሉን የሚመሰክረው አንዱ የድንጋይ ጽሑፍም በግሪክኛ ነው። የአክሱም ነገሥታት በወርቅ ገንዘባቸው ላይ ግሪክኛ ይጽፉ ነበር። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የመጣው ግሪክኛ በሚነገርበት በጢሮስ አገር ነው። የአክሱም ዘመን ተርጓሚዎች ወንጌሉን ወደ ግእዝ የመለሱት ፊት ለፊታቸው የግሪክ መጽሐፍ ዘርግተው ነበር።

የዚያ ትርጉም ታላቅ ምስክር በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት ናቸው። በኦክስፎርድ በተደረገው የካርቦን ምርመራ ከመካከላቸው አንዱ ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተሠሩ ታውቋል። በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎቻቸው ላይ የተሣሉት ባለ ዓምድ ሠንጠረዦች የቂሣርያው አውሳብዮስ በግሪክኛ ያዘጋጃቸው የአራቱ ወንጌላት ማስተያያዎች ናቸው። እንግዲህ የገሪማ ወንጌል ከኮሲኒትሳው ወንጌል አንጻር ሲታይ በአንድ ቤት እንዳደገ ታላቅ ወንድም ነው፤ በዕድሜም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ይበልጠዋል።

በዋሽንግተን ደግሞ የገሪማ እኩያ የሆነ የግሪክ ወንጌል አለ። የዲትሮይቱ ባለጸጋ ቻርልስ ላንግ ፍሪር በ1906 በግብፅ አገር ከአንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ የገዛው፣ ሊቃውንት በ4ኛው ወይም በ5ኛው መቶ ዓመት ተጻፈ የሚሉት ብራና ነው። ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም በፍሪር ቤተ ሥዕል ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። የወንጌላቱ ቅደም ተከተል እንደምናውቀው ሳይሆን ማቴዎስ፣ ዮሐንስ፣ ሉቃስ፣ ማርቆስ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ከቁጥር 14 ቀጥሎ ደግሞ በሌላ በማንኛውም የታወቀ የግሪክ ብራና ላይ የማይገኝ የጌታና የሐዋርያት ንግግር ይነበባል። በመጽሐፉ መጨረሻ ክርስቶስ ከአገልጋዩ ጢሞቴዎስ ጋር እንዲሆን የምትማጸን አጭር ጸሎት አለች። «ጢሞቴዎስ» የሚለው ስም ግን የተጻፈው ሌላ ስም ከተፋቀበት ቦታ ላይ፣ በሌላ እጅ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ማን እንደ ነበረ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መጽሐፉ ከየትኛው ገዳም እንደ ወጣም ሊቃውንቱ ብዙ ቢመራመሩ አልተስማሙም። ቁጥር 220 የወጣበት ቦታ ታውቆ ወደዚያው ተመለሰ፤ የፍሪር ወንጌል ይመለስ ቢባል እንኳ መድረሻው አይታወቅም። የስም መፋቅ ኃይሉ ይህን ያህል ነው።

ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመለስም ያው ሕግ ሲሠራ እናያለን። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየደብሩ የሰበሰቧቸው መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ተዘረፉ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከብራናዎቹ ወደ 350 የሚሆኑት የገቡት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በነገሡበት በ1872 ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። ሙዚየሙ ስብስቡን ቢመረምር ሁለት ክብረ ነገሥት አገኘ፤ አንዱን ላከላቸው። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። በእርግጥ ሥዕሉን ለራሱ ያስቀረው ከጦሩ ጋር ዘምቶ የነበረው የሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር፤ እርሱም ዝም አለ። መጽሐፉ በዝርዝር ውስጥ ስለ ገባ ሊገኝ ቻለ፤ ሥዕሉ በሰው ጓዳ ስለ ተደበቀ ሊገኝ አልቻለም።

ሁለተኛው ምሳሌ እዚሁ አጠገባችን ነው። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አንድ ሰብሳቢ በ1993 ያበረከቱለት ከፍተኛ የኢትዮጵያ ብራናዎች ስብስብ አለው። በዚያ ስብስብ ውስጥ የጳውሎስን ገድልና የሰራብዮንን ገድል የያዘ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ተገኘ። መጽሐፉ ቀደም ሲል በደብረ ሊባኖስ ገዳም ሳለ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ስለ ነበር ማንነቱ ተለየ። ዩኒቨርሲቲው ፍርድ ቤት ሳይጠራው በጥር 2016 ለገዳሙ መለሰው። ሃዋርድ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ያ የፎቶ ግራፍ ጥቅል ባይኖር ኖሮ የሃዋርድ ቅንነት መጽሐፉን ወዴት ይልከው ነበር? ቅን ልብ ብቻውን አድራሻ አያውቅም።

የዚያን የማይክሮፊልም ሥራ ታሪክ በስደት ያለን ሰዎች ልናውቀው ይገባል። ሥራው በ1973 ተጀመረ፤ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ትብብር የተካሄደ ነው። አብዮቱ፣ ጦርነቱና ረኃቡ ሳያቋርጠው ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ፎቶ ግራፍ ተነሡ። ከዝርዝሩ ብዙውን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ደርግ ሊይዛቸው በላከባቸው ወታደሮች በ1975 በጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ከአገር ወጥተው በሚኒሶታ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ በ2021 እስካረፉ ድረስ የእያንዳንዱን መጽሐፍ መጀመሪያና መጨረሻ፣ ያስጻፈውን፣ የጻፈውን፣ በኅዳጉ ላይ የሰፈረውን የርስትና የስጦታ ማስታወሻ ሳይቀር ሲመዘግቡ ኖሩ። ስደት አገርን ያጠፋል ይባላል፤ እኚህ ሰው ግን የገዳማቱን የንብረት መዝገብ የሠሩት በስደት ነው።

አንዳንድ ወገኖች «እነዚህ መጻሕፍት እዚህ ባይመጡ ኖሮ በእሳት ወይም በአይጥ ያልቁ ነበር፤ እዚህ ይሻላቸዋል» ይላሉ። ይህ ቃል ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። በእሳት ያለቁ አብያተ ክርስቲያናት አሉን። ዳሩ ግን የገሪማን ወንጌላት ከ1,300 ዓመት በላይ የጠበቃቸው የማቀዝቀዣ ክፍል ሳይሆን የመነኮሳት እጅ ነው። በ2020 በትግራይ በተቀሰቀሰው ጦርነት ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት መዘረፋቸው፣ ከኢትዮጵያ የወጡ ብራናዎችም በኢንተርኔት ገበያ ላይ በርካሽ ዋጋ ሲሸጡ መታየታቸው ተዘግቧል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚገዛ ሰው መጽሐፉን አዳነው ወይስ ሌባውን ቀጠረው? ጥያቄው ለሌላ ሰው የቀረበ መስሎኝ ለብዙ ጊዜ በልበ ሙሉነት ስጠይቀው ኖሬያለሁ። አሁን የራሴን ነገር ልናገር።

በቤቴ መደርደሪያ ላይ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የብራና ዳዊት አለ። አባቴ አዲስ አበባ ላይ ከአንድ ነጋዴ የገዙት ነው። ወንድሜ በ1994 ወደዚህ ሲመጣ በነጠላ ጠቅልሎ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን የሚከለክለው አዋጅ በ1966 መውጣቱን ያን ጊዜ አንዳችንም አላሰብነውም፤ ለእኛ የአባታችን ዳዊት ነበር። በየፋሲካው እያወጣሁ ለልጆቼ ሳሳይ፣ ሲስሙትም ደስ ሲለኝ ኖርሁ።

የቁጥር 220ን መመለስ በሰማሁ ሰሞን አንድ ምሽት አወጣሁትና እንደ ልማዴ መዝሙሩን ሳይሆን ጠርዞቹን አየሁ። በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ባለቤቱ የሚጻፍበት ቦታ ተፍቋል። ቀድሞም አውቀው ነበር፤ እርጅና ነው ብዬ አልፈው ነበር። ያን ምሽት መብራቱን ከጎን አድርጌ ብመለከተው በሻከረው ብራና ላይ «ደብረ» የሚል ቃል ጥላው ቀርቷል። ቀጥሎ ያለው በምላጭ በጥንቃቄ ተወግዷል። ፋቂው ግን አንድ ቦታ ዘንግቶ ኖሯል። ከመኃልየ መኃልይ ፍጻሜ ላይ፣ በቀይ ቀለም በተጻፈች አጭር ጸሎት ውስጥ፣ ዳዊቱን ያስጻፈው ሰው የክርስትና ስም አለ። ስም አለ፤ አገር የለም። መጽሐፉን የሰረቀና ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ የሚደነግገው ግዝት በአብዛኞቹ መጻሕፍቶቻችን ላይ እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ በዚህኛው ላይ ያ ቦታም ተፍቋል።

እንግዲህ አባቴ ሌባ አልነበሩም። ነጋዴውም ምናልባት ከሌላ የገዛ ነው። በክሪስቲስ ጨረታ የገዙትም ሰዎች ሌቦች አልነበሩም። ነገር ግን ከአንድ ደብር የወጣ መጽሐፍ እኔ ቤት ተቀምጧል፤ ያ ደብር የት እንዳለ ስለማላውቅም ልመልሰው ብፈልግ መመለስ አልችልም። የኮሲኒትሳ መነኮሳት መዝገብ ነበራቸው፤ የእኔዋ «ደብረ» እንኳን መዝገብ ሙሉ ስም የላትም።

ስለዚህ ላደርገው የቻልሁትን አደረግሁ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርሁ፤ ቁመቱንና ወርዱን፣ በየገጹ ያሉትን መስመሮች ለካሁና ጻፍሁ። ከገበታው አንዱ ተሰንጥቆ በጅማት መሰፋቱን፣ የሰም ጠብታ ያረፈባቸውን ገጾች፣ የተፋቀውንና ያልተፋቀውን ስም ሁሉ መዘገብሁ። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ግራፍ አነሣሁ። ልጄ ስልኳን ይዛ መብራቱን ከጎን ታበራልኝ ነበር፤ «አባዬ፣ ይህን ሁሉ የምታደርገው ልትሰጠው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ባለቤቱ ከመጣ፣ አዎን» አልኋት። ፎቶ ግራፉንና ዝርዝሩን የኢትዮጵያን ብራናዎች ለሚመዘግቡ ሊቃውንት ልኬያለሁ።

በታኮማ ፓርክ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ስንት ቤት በነጠላ የተጠቀለለ ዳዊት፣ ድርሳን፣ መስቀል ወይም ክታብ እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ። መልሱ ወይም ደብቁ ለማለት ሥልጣን የለኝም። ቁጠሩት፣ ለኩት፣ ፎቶ ግራፍ አንሡት፤ ከማን እንደ ተገዛ፣ መቼ እንደ መጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ የሚያውቁት ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉት እላለሁ። የጻፋችሁትንም ከመጽሐፉ ጋር አታስቀምጡት፤ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ኮሲኒትሳ ከመቶ ዓመት በኋላ ወንጌሏን ያገኘችው ቁጥሩ መጽሐፉ በሌለበት ቦታ ስለ ተጻፈ ነው።

የእኔ ዳዊት አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው። ልጆቼ አሁንም ይስሙታል። እኔ ግን ለእንግዳ ሳሳየው «የአባቴ ዳዊት ነው» ማለቱን ትቻለሁ፤ «አባቴ ዘንድ በእንግድነት የቆየ፣ አሁንም እኔ ዘንድ ያለ ዳዊት ነው» እላለሁ።